የታመመው ጉድጓድ

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ ያስወጣሻል ወይ? ዓይንሽስ? ይህን ራስሽ እያነበብሽው ነው ወይስ ታናሽ እህቴ እያነበበችልሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ሥራዬን ስትጠይቂኝ “ወጥ ቤት” እያልኩ ሳድበሰብስ ነበር። የምሠራው ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት ጀርባ ነው። የምግብ ትርፍራፊ ለይቼና ፈጭቼ በሲሚንቶ ወደተሠራ ጉድጓድ እጨምራለሁ። እዚያ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ የሰጠናቸውን በልተው ጋዝ ያወጣሉ፣ ጋዙም የበሽተኞቹን ሾርባ ያበስላል።

ከሦስት ወር በፊት ግን እሳቱ እየደከመ ሄዶ ድርግም አለ። ግቢው ሸተተ። አስተዳዳሪው በአሥራ አምስት ቀን ካልተስተካከለ አስደፍነዋለሁ አሉ። ጥፋቱም ትርፍራፊውን በጋሪ በሚያመጡት ሽማግሌ ተላከከ፤ ፌስታል ቀላቅለው ነው ተባለ። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ጋሪያቸውን ገፉ።

እኔ ግን ሆዴ ያውቀዋል። ንጹሕ ናት እንድባል ባልዲዎቹን በበረኪና እያጠብኩ እጣቢውን እዚያው ጉድጓድ ስደፋ ነው የከረምኩት። ሁለት ቀን ደበቅኩት። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ባሉበት ለጉድጓዱ ባለሙያ “እኔ ነኝ” አልኳት። ትጮኽብኛለች ስል ወንበር ስባ፣ “ስንት ባልዲ? ከመቼ ጀምሮ?” እያለች ጻፈች። “የተቸገርነው እኮ ምክንያቱን አጥተን ነው” አለችኝ። በረኪናው ባክቴሪያዎቹን ፈጅቷቸው ኖሯል።

ግማሹን ቀድተን አወጣን። እበት ውስጥ እነዚያው ባክቴሪያዎች ስለሚገኙ ከከብት በረት ትኩስ እበት አምጥተን በጥብጠን ጨመርን። ከዚያ ከበሽታ እንዳገገመ ሕፃን ጥቂት ጥቂት መገብናቸው። እኔም ቶሎ እንዲበሉት ልጣጩን አድቅቄ መፍጨት ጀመርኩ። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ቀን ሰላም አላሉኝም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ክብሪቱን አቀበሉኝና “ለኩሺው እንጂ፣ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?” አሉኝ። ሁለት ክብሪት አበላሸሁ፤ ሦስተኛው ያዘ፣ ምድጃውም ሰማያዊ ሆኖ ነደደ።

ድሮ አርባ ቀን ይፈጅ የነበረው ትርፍራፊ ዛሬ በሃያ አምስት ቀን ተብላልቶ ያልቃል። ባለሙያዋም አዲስ የሚገቡትን ሠራተኞች አንቺ አሠልጥኚ ብላኛለች።

ለአባዬ ሬዲዮውን ካጠፋ በኋላ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ አለዚያ አይሰማሽም። የወንድሜን ሚስት በሰላም ያገላግልሽ በይልኝ። ታናሿን ሳሚልኝ። ሽማግሌውም አጠገቤ ተቀምጠው “እናትሽን ጥሩ ልጅ ወልደዋል በያቸው” ብለዋል። ራሴ ስለ ራሴ እንዴት እጽፋለሁ ብዬ አፍሬ ነበር፤ ካልጻፍሽ አልነሣም ብለው አስጻፉኝ።

ልጅሽ
ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ የካቲት ፲፬ ቀን