የኮራል ማሸጊያ ክፍል ኃላፊያችን የጋሼ ለብታ ዕረፍት

የሕያው ኮራል አርቢዎችና ላኪዎች ማኅበር የማሸጊያ ክፍል ኃላፊ የነበሩት፣ ሁላችንም «ጋሼ ለብታ» እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ ባልደረባችን፣ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው በዚህ ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ ይህን ለአባላቱ፣ ለሠራተኞቹና ለደንበኞቹ ሲያስታውቅ በከባድ ሐዘን ውስጥ ሆኖ ነው። እንዲህ ያለ መግለጫ ዘወትር በረጋ መንፈስ ይጻፋል። ይህኛው ግን አልረጋልንም፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብለን እንገልጻለን።

አስቀድመን ስለ ሥራቸው እንናገር። ኮራል ለማያውቀው ሰው ድንጋይ ነው። እኛ ዘንድ ግን አፍ ያለው፣ የሚበላ፣ የሚያኮርፍ የባሕር እንስሳ ነው። የለመደው ለብ ያለ ውሃ ነው፤ ትንሽ ሲበርደው ይኮማተራል፣ ሲብስበት ቀለሙን ጥሎ ይነጣል፣ ከዚያ ይሞታል። በብርድ ወራት እሱን ከከተማ ወደ ከተማ መላክ ማለት እንግዲህ ያልቀዘቀዘ ባሕር በሣጥን አሽጎ መላክ ማለት ነው። ጋሼ ለብታ ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚህች ሣጥን ላይ ነው።

ማኅበሩ በተቋቋመበት ዓመት የተቀላቀሉን ከማቀዝቀዣ ጥገና ሥራ ወጥተው ነበር። ብርድ ሲጠግኑ ኖረው ብርድ ሊከላከሉ መምጣታቸው በጊዜው ብዙ አስቆናል። እሳቸውም ሳይቀየሙ፣ «የሌባውን መግቢያ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?» ይሉን ነበር።

በዚያው ዓመት የብርድ ወራት ሁላችንም ያደረግነውን ለማስታወስ ያሳፍራል። የፈላ ውሃ በጠርሙስ ሞልተን ከኮራሉ ጎን እንሸጉጥ ነበር። ምስኪኑ እንስሳ መጀመሪያ በአንድ ጎኑ ይቀቀላል፤ ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የተረፈው ጎኑ በብርድ ያልቃል። ይህን ያስቀሩት እሳቸው ናቸው። ውስጡ የብረት ብናኝ ያለበትን፣ አየር ሲያገኝ ቀስ እያለ የሚሞቀውን የሙቀት ከረጢት አስመጡ። ከረጢቱን በወረቀት ጠቅልሎ ከክዳኑ ሥር መለጠፍን፣ ኮራሉ ያለበትን ላስቲክ ፈጽሞ እንዳይነካ ማድረግን አስተማሩን። «ሙቅ መቼ አልኩ? ለብ ያለ ነው ያልኩት» እያሉ ሲቆጡ ኖረው ለብታ የሚለው ስም ተለጠፈባቸው።

በተከታዩ ዓመት ባዶ ሣጥን ሁሉ ከመታሸጉ በፊት ሞቅ ባለ ክፍል እንዲያድር አደረጉ። የአየሩ ትንበያ ክፉ በሆነ ቀን ጭነት እንዳይወጣ ያስወሰኑትም ያኔ ነው። በዚህ ምክንያት ከሽያጭ ክፍል ኃላፊው ጋር ስንት ጊዜ እንደተኮራረፉ የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ኃላፊው ዛሬ ከሁላችንም ይልቅ አንገታቸውን ደፍተው ይታያሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ስማቸው የሚነሣው በቀዳዳው ነው። እያንዳንዱ ሣጥን ከክዳኑ ዝቅ ብሎ በእርሳስ የተበሳች አንዲት ቀዳዳ እንድትኖረው አዘዋል። ከረጢቱ የሚሞቀው አየር ሲያገኝ ብቻ ነውና፣ ቀዳዳዋ ከተደፈነች ይበርዳል። አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ሲነገረው ገብቶኛል ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ንፋስ ሲነሣ ግን እጁ ሳያውቀው ወደ ፕላስተሩ ይሄዳል፤ ሰው ሲበርደው የሚቀናው መዝጋት ነው። ጋሼ ለብታ ከዚህች ልማዳችን ጋር ሲታገሉ ኖሩ።

ሣጥን መንገድ ላይ ሳለ ከማሸጊያ ክፍሉ አይወጡም ነበር። ተቀባዩ ሣጥኑን ከፍቶ፣ የልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ ውሃውን በእጁ ጀርባ ዳስሶ መደወል አለበት። ስልኩ ላይ የሚጠብቁት አንድ ቃል ነው፤ «ሞቋቸዋል።» እሳቸውም ሁልጊዜ የሚመልሱት ያንኑ ነው፤ «እንግዲያው ቤቴ ልግባ።» ባለቤታቸው በማኅበሩ በዓል ላይ፣ «ከሚስቱ አስቀድሞ ሣጥን ብርድ ልብስ የሚያለብስ ባል ነው የሰጣችሁኝ» ብለው አዳራሹን በሳቅ ያፈረሱት ስለዚህ ነው።

አሁን ወዳላረጋጋን ጉዳይ እንመጣለን።

በሌላ ከተማ ያለ የባሕር እንስሳት ማሳያ ቤት በቅርቡ መብራት ጠፍቶበት ኮራሎቹን በሙሉ አጥቷል። ከሞቱት መካከል የቤቱ ጠባቂ ከብዙ ዓመት በፊት ቁራጯን ለጋሼ ለብታ በስጦታ የላኩላቸው እናት ኮራል ነበረች። ያቺ ቁራጭ በእኛ ገንዳ አድጋለች፤ ከዘሯ የተረፈች እሷ ብቻ ናት። ሟቹ ከእሷ ጥቂት ቁራጮች ወስደው ለጠባቂው ሊመልሱላቸው ቀን ቆረጡ፣ ትንበያውንም አይተው አመኑበት። በመሐሉ ሕመሙ አልጋ ላይ ጣላቸው። ሥራውን የተረከበችው በዚሁ ክፍል አሻጊ የሆነችው ልጃቸው ናት።

በጭነቱ ቀን ትንበያው ዋሸ። ማለዳውን አጥንት የሚሰብር ንፋስ ተነሣ፤ መኪናው በር ላይ ቆሞ ያጣድፋል። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ በእንዲህ ያለ ቀን ቀዳዳ ትቶ መላክ ጭካኔ ነው አለ። ልጅቷ ቀዳዳዋን በፕላስተር ደፈነቻት። ሣጥኑ ወደ አውሮፕላን ጭነት ማከማቻው ሄደ፤ እሷም ወደ ሆስፒታል።

ሐኪሙ ቤተሰቡ ከአጠገባቸው እንዳይርቅ ተናግሮ ነበር። ከዚህ በታች ያለውን አልጋው አጠገብ ከነበሩት ባለቤታቸው ሰምተን፣ በእሳቸው ፈቃድ እንጽፈዋለን። ልጅቷ አባቷን ደስ ልታሰኝ፣ «አባዬ፣ አታስብ፤ ንፋስ ዝር እንዳይልባቸው አድርጌ ነው ያሸግኳቸው» አለቻቸው።

«ቀዳዳውስ?» አሏት።

ብርድ ልብሳቸውን ታስተካክል ጀመር።

«የኔ እናት፣ ቀዳዳውስ?»

«ደፈንኩት።»

ደንግጠው ሊነሡ ሞከሩ። ልጅቷ ወደ ማከማቻው ደወለች፤ የታሸገ ዕቃ አሻጊው ራሱ ካልመጣ እንደማይነካ በትሕትና ተነገራት። እሳቸውም «ሂጂ» አሏት።

«አንተን ትቼ የት ነው የምሄደው?»

«እኔን እናትሽ ይዛኛለች። እነሱን ማን ይያዛቸው? ሂጂ ብዬሻለሁ።»

ሄደች። ማከማቻው ውስጥ እርሳስ ስላልነበራት ፕላስተሩን ልጣ በፀጉር መያዣዋ ቀዳዳዋን ከፈተች። በረኛው አዝነውላት ሣጥኑን እስኪጫን ድረስ ከማሞቂያቸው አጠገብ አኖሩት። ወደ ሆስፒታል ስትመለስ ግን አባቷ ዐርፈው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየክፍሉና በየመተላለፊያው የሚወራው ለጆሯችን ደርሷል። ለኮራል ብላ አባቷን ጥላ ሄደች የሚል አለ። ባትደፍነው ኖሮ ትሰናበታቸው ነበር የሚልም አለ። ማኅበሩ ይህን ሐሜት አጥብቆ ያወግዛል። ፕላስተሩን የያዘው እጅ የእሷ ቢሆንም ሐሳቡ የክፍሉ ሁሉ ነበር፤ አሁን የሚያወሩት አንዳንዶቹም ያን ዕለት እዚያው ቆመው «ድፈኚው» ብለዋል።

እሷ ራሷ ሥራ አመራር ቦርዱ ፊት ቀርባ አንድ ነገር ብቻ ጠይቃለች፤ «አጠገቡ መቅረት ነበረብኝ?» ማኅበሩ ለክዳን፣ ለላስቲክ፣ ለትንበያ መመሪያ አለው። ለዚህ የለውም። የምናውቀው አባቷ እንደላኳት፣ እሷም እንደታዘዘቻቸው ነው። ይህን ስንጽፍ ያጽናናታል ብለን አይደለም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው።

ማኅበሩ ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ አብረዋቸው ላረጁት የማሸጊያ ክፍል ሠራተኞች፣ እንዲሁም ወዳጃቸውን በስልክ ድምፅ ብቻ ለሚያውቋቸው የማሳያ ቤቱ ጠባቂ፣ የሐዘናቸው ተካፋይ መሆኑን ይገልጻል። ልባችሁን ያበርታው። ሐዘኑ ከእናንተ ቤት አልፎ የኛም ቤት ገብቷል።

በቀብሩ ዕለት ጓሯቸው ውስጥ ተሰብስበን ነበር። አስከሬኑ ሊነሣ ሲል ልጅቷ «ትንሽ ቆዩልኝ» አለች። ጥቂት ቆየን። ዘመድ ማጉረምረም ጀመረ፤ አጎቷ መጥተው «ልጄ፣ ሰው እኮ ቆሟል» አሏት። እሷ ስልኳን በሁለት እጇ እንደያዘች አልተነሣችም። ከእኛ መካከል ምን እንደምትጠብቅ ያልገባው አልነበረም።

ስልኩ ጮኸ። ጠባቂው ነበሩ። ሣጥኑ መድረሱን፣ ከቁራጮቹ አንዷ ነጥታ ማግኘታቸውን፣ ሌሎቹን ግን በእጃቸው ጀርባ ዳስሰው ማየታቸውን ነገሯት። የሚባለውንም ቃል አሏት፤ «ሞቋቸዋል።»

ልጅቷ ስልኩን ዘጋች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፣ ወደ ተሸካሚዎቹም ዞረች።

«እንግዲያው አባዬ ቤቱ ይግባ» አለች።

የሕያው ኮራል አርቢዎችና ላኪዎች ማኅበር