ስለ ዳች ጋልች ጉብታና ስለ ድምፄ፣ ለሃይ ላርች ኩባንያ የበላይ ኃላፊ

ለክቡር አቶ ኮርትላንድ ዊምስ
የሃይ ላርች የበረዶ ሸርተቴ ተራሮች ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰነበቱ እላለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ዓይንዎ ደህና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። ዓይንን ለይቼ የጠቀስኩበትን ምክንያት እያነበቡ ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

እኔ አርሊን ሶርሊ እባላለሁ። ሉዊስታውን ውስጥ የሴት ልጆች ቅርጫት ኳስ ሳሠለጥን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ዌንዴል ዕድሜ ልኩን የከብት ጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ባለፈው መስከረም መንጃ ፈቃዱን ማንም ሳይጠይቀው ወስዶ መለሰ። ዓይኑ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ነው። አሁን የሚያየው በቧንቧ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ነው። ሐኪሙም፣ በሚመጣው የበረዶ ወራት ብርሃንና ጨለማን ከለየ ትልቅ ነገር ነው ብሎታል። ዌንዴል ይህን ሲሰማ ኮፍያውን አደረገና "እንግዲያው ሳይመሽብኝ ላጥና" አለ።

ዕቅዳችን ቀላል ነበር። በልጅነታችን አባታችን በፒክአፕ ጭኖ ይወስደን የነበረባቸውን አራት ተራሮች በአንድ ሳምንት በመኪና እንዞራለን። ዌንዴል ከእያንዳንዱ ተራራ አንድ የሸርተቴ መውረጃ መርጦ፣ ዓይኑ ጨርሶ ሳይዘጋ በቃሉ ያጠናል። እኔ ደግሞ ከኋላው እየተከተልኩ "ግራ! ቀኝ! ቁም!" እያልኩ መምራት እለማመዳለሁ። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ መንገዱን እግሩ ያውቀዋል፣ ጆሮው ደግሞ እኔን ያውቀኛል። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው በመሪ ድምፅ የሚሸራተቱ ዓይነ ስውራን እንዳሉ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ የአንዱ ፎቶ በኩባንያዎ ማስታወቂያ ላይ ወጥቷል፣ በጣም ያምራል። ይህ ዕቅድ ካልተሳካ ዌንዴል ምን እንደሚሆን ግን አላውቅም። መኪናውን አጥቷል። ሸርተቴውንም ካጣ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ይሆንብኛል ብዬ ፈርቻለሁ፤ እርስዎ ወንድሜን ስለማያውቁት ይህ ምን ያህል እንደሚያስፈራ አይገባዎትም።

አራቱም ተራሮች ዛሬ የእርስዎ ንብረት ናቸው። ምስጋናዬ ሁሉ ወደ አንድ አድራሻ እንዲሄድ ስላደረጉልኝ በቅድሚያ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ።

፩ኛ/ በቲን ካፕ ተራራ ስላለው የመኪና ማቆሚያ

በስልክ ቀድሞ ቦታ ያላስያዘ መኪና እንዳይቆም መከልከልዎ ለሥርዓት ያለዎትን ፍቅር ያሳያል። በደረስንበት ጠዋት ሜዳው ባዶ ነበር፤ አንድ የመንደር ቡድን ኳስ ቢጫወትበት ማንንም አይገጭም። በሩ ላይ የቆመችው ሠራተኛ ግን በትህትና "ሞልቷል" አለችን።

ዌንዴል አንገቱን በመስኮት አወጣ። "በምን? እኔ ዓይኔ ደካማ ነው፣ እስቲ መኪኖቹን አንቺ አሳዪኝ።"

"ስልኩ ላይ ነው ሞልቷል የሚለው፣ አባቴ።"

"እንግዲያው ስልኩ ላይ እናቁመዋ!"

ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ቢሆንም አላስገባችንም። መኪናችንን ታች ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አቁመን፣ ሸርተቴያችንን ተሸክመን ዳገቱን በእግር ተያያዝነው። የሸርተቴ ጫማ ለእግር ጉዞ እንዳልተሠራ እርስዎም ያውቃሉ። ስንደርስ የቀኑ እኩሌታ አልፎ ነበር። ዌንዴል አንድ ጊዜ በደንብ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በየመታጠፊያው እየቆመ ወረደና "ግማሹን ያዝኩት" አለኝ። ግማሽ መውረጃ ብቻ የሚያውቅ ዓይነ ስውር ቀሪውን ግማሽ በምን እንደሚወርደው የኩባንያዎ ባለሙያዎች ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። ለእግር ጉዞው ግን አመሰግናለሁ፤ ለልብ ጥሩ ነው ይላሉ።

፪ኛ/ በሎስት ሚተን ስለ ተደረገው የስም ለውጥ

ወደ ሎስት ሚተን ስንጓዝ ዌንዴል መሪው ላይ እንዳለ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሲያዝዘኝ ነበር። "ማርሽ ቀንሺ፣ ዳገት መጣ።" እንዴት አወቅክ ስለው "ሞተሩ እያለቀሰ ነው እኮ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የማትሰሚው" ይለኛል። እንዲህ እየተነታረክን በደስታ ደረስን። እሱ የመረጠው መውረጃ "የአክስት ሜይ ጉልበት" ይባላል። አክስት ሜይ የምትባል ሴት በእኛ ልጅነት እዚያ ጉልበቷን ሰብራ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ እዚያው ሌላኛውን ሰበረች። ስሙን የሰማ ሁሉ የትኛው መታጠፊያ ላይ ቀስ ማለት እንዳለበት ያውቅ ነበር።

እርስዎ ይህን አስቀያሚ ስም አንሥተው "የምቾት ጎዳና ቁጥር አራት" ብለውታል፤ ከሥሩም የአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት አርማ አለ። ቁጥር አንድ፣ ሁለትና ሦስትም አሉ፣ ሁሉም ምቾት ናቸው። የአክስት ሜይ ጉልበት የቱ እንደሆነ የጠየቅነው ሠራተኛ ሁሉ የሕክምና ጣቢያውን አመለከተን። በመጨረሻ ዌንዴል በጠባቡ ዓይኑ አንድ የተሰነጠቀ ቋጥኝ ፈልጎ መንገዱን ራሱ አገኘው። ይህን ያጠናው በደንብ ነው። ማታ ምግብ ቤት ውስጥ ቺሊ የሚባለውን የሥጋና የባቄላ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር እየበላ፣ በግራ እጁ መዳፍ ጠረጴዛው ላይ መውረጃውን ከላይ እስከ ታች ሲወርደው አየሁት። ጨው ማስቀመጫው ጋ ሲደርስ ዞረ። እዚያ ነው ቋጥኙ ያለው።

፫ኛ/ በሲክስ ማይል ስለ ነፈሰው ነፋስ

በዚህ ነጥብ ላይ ትህትናዬ ሊያንስ ስለሚችል በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወደ ላይኛው ጫፍ የሚወስደው ተንጠልጣይ ወንበር "በኃይለኛ ነፋስ ምክንያት ተዘግቷል" የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎበት ነበር። በዚያች ሰዓት ከምግብ ቤቱ ጭስ ማውጫ የሚወጣው ጭስ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ሾርባ የምትጨልፈው ሴትዮ ግራ ቀኝ አየችና ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

"ምን ነፋስ? ወንበሩን የሚያንቀሳቅስ ሰው የለም እንጂ። ሦስቱን ከገና በፊት አባረሯቸው።"

"ነገስ ይከፈታል?"

"ነገም ይነፍሳል" አለች፤ "እስከ ቅዳሜ ይነፍሳል።"

እኛ እስከ ቅዳሜ መጠበቅ አንችልም ነበር፤ አንድ ተራራ ገና ይቀረናል፣ የዌንዴልም የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ደርሷል። ዌንዴል ወጥቶ በረዶው ላይ ቆመና ተራራውን ማየት ጀመረ። የሚያይበት ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ተራራ አንድ ላይ አይታየውም። አንገቱን ቀስ እያዞረ፣ ከጫፉ ጀምሮ እስከ ታች ቁራጭ ቁራጩን እየለቀመ አየው። እኔ ወደ መኪናው ሄጄ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነበር፤ ያን ዕለት እርስዎን በአካል ባለማግኘቴ ሁለታችንም ዕድለኞች ነን። ሲክስ ማይልን ዌንዴል ዳግመኛ አያየውም። ነፋሱን ያመጣ ክብሩን ይውሰድ።

፬ኛ/ በዳች ጋልች ስለ ጮህኩት ጩኸት

በዳች ጋልች ሁሉም ነገር ተሟላልን። መኪና ማቆሚያው መኪና ያቆማል፣ ወንበሩ ይሄዳል፣ በረዶውም ሌሊቱን የጣለ ነው። ዌንዴል የመረጠው መውረጃ እኩሌታው ላይ አንድ ጉብታ አለው። ጉብታው ላይ ሲደርሱ ሆድ ወደ ላይ ብድግ ይላል፣ ወዲያውም ወደ ግራ መታጠፍ ያስፈልጋል፤ ካልታጠፉ ፊት ለፊት የጥድ ጫካ ነው። አባታችን እዚያ ሲደርስ "ሆዳችሁ ሲነሣ ታጠፉ!" ይለን ነበር። ዌንዴል ቀኑን ሙሉ ወጣ፣ ወረደ። እኔም ከኋላው እየጮህኩ ወጣሁ፣ ወረድኩ። ከሰዓት በኋላ ላይ እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት መታጠፍ ጀምሮ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ብሬደን የተባለው የተራራ ጥበቃዎ ከጫፉ ላይ ያስቆመን። መልከ መልካም፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ በእሱ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም።

"እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደንበኞች በጩኸት ተማርረዋል። ይህ መውረጃ ከዘንድሮ ጀምሮ የጸጥታ መውረጃ ነው።"

"ወንድሜ አያይም። የለበሰውን ብርቱካናማ ሰደርያ አላየኸውም እንዴ?"

"አይቻለሁ። ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ቢመሩትስ?"

ዌንዴል ከአፉ ነጠቀው። "ስማ ልጄ፣ ይህች ሴት ሹክ ካለችኝ የምገኘው ጥድ ውስጥ ነው። ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ኮረዶች ላይ ስትጮህ የኖረች ናት፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ከየት ታምጣልህ?"

"ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፣ አባቴ።"

"ማን አወጣው?"

"ኩባንያው።"

ስለዚህ ነው ለብሬደን ሳይሆን ለእርስዎ የምጽፈው። ልጁ በሕጉ መሠረት የመግቢያ ካርዳችንን እያፈረ ወሰደብን። ከዚያ ሁላችንም ያላሰብነው ነገር መጣ፦ ሦስታችንም ተራራው ጫፍ ላይ ነን፣ ዌንዴል ደግሞ እንደምንም መውረድ አለበት። ብሬደን ጉዳተኛ የሚጎተትበትን የበረዶ አልጋ ላምጣ አለ። ዌንዴል "እኔ አልተሰበርኩም" አለና ወደ እኔ ዞረ። "አርሊን፣ አንቺ ዝም በይ። እንዳትተነፍሺ።"

ሄደ። እኔ ጓንቴን ነክሼ ከኋላው ተከተልኩ። ክቡር ሆይ፣ በሥራ ዘመኔ ብዙ የመጨረሻ ደቂቃ ጨዋታ አይቻለሁ፤ እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም። የመጀመሪያውን ቀኝ ወሰደ። ሁለተኛውን ወሰደ። ጉብታው ላይ ሲደርስ ብድግ አለ፣ ወዲያው ወደ ግራ ታጠፈ፣ ጥዶቹም በቀኙ አለፉ። ታች ደርሶ ሲቆም ፊቱ የልጅ ፊት ሆኖ ነበር።

"ከላይ ጀምሮ ጨፍኜ ነው የወረድኩት" አለኝ።

"አብደሃል!"

"ጉብታው አለ አይደል? እሱ ጋ ስደርስ የት እንዳለሁ አወቅኩ። እሱ ካለ ሌላው ቀላል ነው።"

ብሬደን ከኋላችን ደርሶ ካርዶቻችንን ያለ አንዳች ቃል መለሰልን። ይህን መጻፌ እንጀራውን እንዳይነካበት እለምናለሁ፤ የረዳን ብቸኛው ሰው እሱ ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከአራት ተራሮች አንዱን አጣን፣ የአንዱን ግማሽ ያዝን፣ አንዱን በሌላ ስሙ አገኘነው፣ አንዱ ግን ሙሉ በሙሉ የዌንዴል ሆኗል። ካሳ አልጠይቅም። መኪና ማቆሚያውም እንደ ሞላ ይኑር፣ ነፋሱም ይንፈስ። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዳች ጋልች ላይ እባክዎ ምንም ነገር አያሻሽሉ። ወንድሜ በሚመጣው የበረዶ ወራት የሚወርደው ዘንድሮ ባጠናው ተራራ ላይ ነው፤ እርስዎ ሊያምር ይችላል ብለው በሚያስቡት ተራራ ላይ አይደለም።

ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ተራሮችዎ በረዶ፣ ወንበሮችዎ ሠራተኛ እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ከማይቀንሰው ድምፄና ከማይቀንሰው አክብሮቴ ጋር፣

አርሊን ሶርሊ
ሉዊስታውን፣ ሞንታና

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ ፖስታ ቤት ልወስድ ስል ኩባንያዎ በረዶው ሲቀልጥ የሚሠራበት ዕቅድ ለደንበኞች በሙሉ ተልኮ ደረሰኝ። የዳች ጋልች ጉብታ በሐምሌ ወር በማሽን ተደልድሎ ሜዳ እንደሚሆን፣ ዓላማውም "የደንበኞችን የፊት ለፊት እይታ ለማሻሻል" እንደሆነ አነበብኩ። ለዌንዴልም ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ፊደል ከሸሸው ሰንብቷል። "ሐምሌ ስንት ቀን?" አለኝ። ቀኑን ነገርኩት። ተነሥቶ ግድግዳውን እየዳሰሰ ወደ ጋራዥ ሄደና ሁለት ታጣፊ ወንበሮች ይዞ ተመለሰ። ስለዚህ የማሽኑ ሹፌር ጉብታው ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው እንደሚያገኝ አስቀድመው ይንገሩት። አንደኛው ማሽኑ ሲመጣ አያየውም። ሁለተኛዋን ዝም ማሰኘት ይቻል እንደሆነ ደግሞ ብሬደንን ይጠይቁት።