ደመናው የሚውጠው ብርሃን

ሙዓይዘር፣ ዐረብ አገር፣ ኅዳር 14 ቀን 1991 ዓ.ም.

የአሠሪዬ የማዳም ልጅ ኑራ ለፈተና ስታጠና የአጥቢያ ኮከብን ሁለት ፎቶ አሳየችኝ። አንደኛው ባዶ ነጭ ነው። ዓይን በማያየው፣ አልትራቫዮሌት በሚሉት ጨረር የተነሣው ግን ጥቁር መስመሮች አሉበት። ኮከቡን የሸፈነው ደመና የድኝ አሲድ ነው አለችኝ።

«ድኝ? የእከክ መድኃኒቱ?» ስላት ሳቀች።

«ጥቁሩስ ምንድን ነው?»

«ጨረሩን የሚውጥ ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ ድኝ ሳይኖርበት አይቀርም ይላሉ፤ ግን በትክክል አላወቁትም።»

«ታዲያ ተዉት?»

«ኸላስ፣ በቃ ይባላል እንዴ? አሁንም ይፈልጋሉ።»

የልጄን የሰናይትን መርዶ ቤተሰቦቼ የነገሩኝ ከሞተች ከስድስት ወር በኋላ፣ ለዕረፍት አገር ቤት ስገባ ነው፤ ሰው አገር ብቻዬን እንዳልሰማ ብለው። ምን እንደገደላት አልነገሩኝም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅሁም። ዓርብ ለእህቴ እደውላለሁ። ሁሉንም ባታውቅ እንኳ የምታውቀውን ትንገረኝ።