በአሸዋው ክፍል ውስጥ ስለሌለው እፉኝት

ለተከበሩ የበረሃ እንስሳት ሙዚየም ሥራ አስኪያጅ፤

ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት፣ በጥሩ እንቅልፍና እግርዎን ያለ ሥጋት ከአልጋ በሚያወርዱበት ሁኔታ ላይ እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። እኔና የልጅ ልጄ ሙዚየምዎን ከጎበኘን ወዲህ ይህ የመጨረሻው ጸጋ ርቆናል፤ ጫማችንንም ሳናራግፍ አናደርግም።

እኔ ባለቤቷ የሞተባት፣ ፊደልን ያለ አስተማሪ ከዕቃ መጠቅለያ ወረቀት ላይ የለቀመች ሴት ነኝ። ልጅቱን ወደ እናቷ ልመልስ ስጓዝ አውቶቡሳችን መንገድ ላይ ተበላሸ። ሾፌሩም «እማማ፣ እዚያ ሙዚየም ግቡ፤ ጥላ ነው፣ ምንም አያገኛችሁም» አለን። በምክሩ ገባን። በገለባ የተሞላውን ቀበሮ አየን፣ ኤሊዋን አየን፣ ከዚያም ከእባቦቹ ክፍል ደረስን። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፤ ጎብኚው በረሃ የገባ እንዲመስለው የክፍሉን ወለል በሙሉ አሸዋ ስላለበሱልን አመሰግናለሁ። የእፉኝቱ ሣጥን ላይ የለጠፉት ጽሑፍም እጅግ የተጣራ ነው፦ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ዓይኑን ብቻ እንደሚያወጣ፣ ድምፅ እንደማያሰማ፣ ካልረገጡት ማንንም እንደማይነካ ይገልጻል። ከሥሩ ደግሞ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት አለ፤ «ለጊዜው በቦታው የለም» ይላል። የሣጥኑ ክዳን ገርበብ ብሎ ነበር።

ሁለተኛ፤ ጥበቃዎ ምሳ ሊበላ ሲሄድ በሩን ገፋ አድርጎ «ሰው አለ?» ይላል፤ መልስ ካጣ ይቆልፋል። ይህ ፈጣን አሠራር ነው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አልክድም። በሰው ቤት ድምፅ ከፍ ማድረግ ነውር ነው ተብዬ ስላደግሁ፣ የጠየቀ ሰው ገብቶ ያያል ብዬ ንባቤን ቀጠልሁ። ባለቤቴ በመጨረሻ ሕመሙ ሲጠራኝ «ይህችን ገጽ ልጨርስ» ያልሁበት ቀን ስላለ፣ ከዚያ ወዲህ ሳነብ አንድ እጄን ከአጠገቤ ካለው ሰው ላይ አላነሣም። የልጅቱን እጅ ስለያዝሁ ሁሉም ደህና መሰለኝ። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ።

ሦስተኛ፤ መብራቱ የሚጠፋው ከውጭ ስለሆነ ለቁጠባ ያለዎትን ትጋት አደንቃለሁ። ከጣሪያው ሥር ካለችው ቀዳዳ ከሚገባው ጭላንጭል በቀር ብርሃን አልነበረም። ልጅቱን አግዳሚው ወንበር ላይ አቆምኋት፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ ወጣሁ።

«እቴቴ፣ ለጊዜው ማለት ስንት ቀን ነው?» አለችኝ።

«እግርሽን ብቻ አታውርጂ።»

«ሽንቴ መጥቷል።»

«እዚሁ ልቀቂው፣ የኔ እናት።»

ለወንበርዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚያ ጥግ ላይ ያለው አሸዋ ትንሽ ያበጠ መሰለኝ። ቀድሞም እንደዚያው ነበር ይሆናል፤ ዓይኔን ከዚያ ማንሣት አልቻልሁም። ያን ጊዜ ጮኽሁ። ባለቤቴን ስቀብር እንኳ ያላወጣሁት ድምፅ ነው የወጣኝ።

ጥበቃው አፉን እየጠረገ መጥቶ ከፈተ። «ምነው እማማ፣ ሰው አለ ስል ዝም አሉ? እኔ እኮ እባቦቹ መጮኽ ጀመሩ ብዬ ምግቡ አነቀኝ» ብሎ ሣቀ። ልጅቱን ታቅፌ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

አራተኛ፤ እፉኝቱ የት እንዳለ ለጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ሦስት መልስ ስለተሰጠኝ ልግስናዎን አልረሳም። ጥበቃው «ሞቷል መሰለኝ» አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ «ኧረ ታሞ ሐኪም ጋ ነው፤ እንዲያውም እሱ ከሄደ ያንን ክፍል ጠርጌ አላውቅም» አለች። ቢሮዎ ያለችው ትሑት ወይዘሮ ደግሞ «የትኛው እፉኝት?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ።

እኔ እንደ ዕድሜዬ «ሞቷል» የሚለውን ልመርጥ እሞክራለሁ። ልጅቱ ግን አንዱንም አልመረጠችም። ካልታቀፈች ከአልጋ አትወርድም። እናቷ፣ የገዛ ልጄ፣ «ልጄን ምን አሳየሻት? ከእንግዲህ ከአንቺ ጋር የትም አትሄድም» ብላኛለች። ቃሏን አላጠፈችም። ስለዚህ የምለምንዎት ትንሽ ነገር ነው፦ እባቡ ሞቶ ከሆነ መሞቱን፣ ካለም የት እንዳለ፣ በአንዲት መስመር ይጻፉልኝ። ልጅቱ ማንበብ ጀምራለች፤ ከእኔ አፍ የሚወጣውን ባታምንም ማኅተም ያለበትን ታምን ይሆናል።

በመሥሪያ ቤትዎ በር ወጥተው መግባትን፣ በረገጡበትም ሁሉ ጠንካራ መሬትን እየተመኘሁልዎ፣ በአክብሮት እጅ የምነሣ፣

ጫማዋን ሁለቴ የምታራግፍ ጎብኚዎ

ማሳሰቢያ፦ ስንወጣ ጥበቃዎ ሊያጽናናን ብሎ «አይጨነቁ እማማ፣ የዚህ ክፍል በር ጥብቅ ነው፤ ቢያመልጥ እንኳ ወደ ውጭ አይወጣም» ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ስለ ውጭው ሕዝብ ደኅንነት አንዳች ሥጋት የለኝም። እኛ ግን በዚያን ሰዓት የነበርነው ከበሩ በውስጥ በኩል ነው።