ለጋሽ ሐሰን የሰጠኸው ስኳድራ

ይድረስ ለአባዬ፤

ከተለየኸን ዓመት ከአንድ ወር ሞላህ። በሙት ዓመትህ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ ግን ተናድጄብህ ስለነበር ብዕሩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። በሞተ ሰው መናደድ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። አንተ ግን ጨዋ አድርገህ አላሳደግከኝም፤ የልቤን እንድናገር አድርገህ ነው ያሳደግከኝ፤ ስለዚህ ቻለው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ እማዬ ለጎረቤት ማደል ሰልችቷታል። ባምባሲ ያለችው እህቴ ወንድ ልጅ ወልዳ ባንተ ስም ልትጠራው ፈልጋ ነበር፤ እማዬ ግን ስምህ በተነሳ ቁጥር ዞር ብላ በሩን ስለምታይ ሌላ ስም ወጣለት። የሥራ ቤታችን ቆርቆሮ ባንተ ጥግ በኩል ማፍሰስ ጀምሮ ነበር፤ ጋሽ ሐሰን ወጥቶ ደፈነው። አየህ፣ ገና ወሬዬን ሳልጨርስ የእሱ ስም ገባ። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው ያደረገኝ።

ጋሽ ሐሰን ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ከወሎ በሰፈራ መጥተህ የአሶሳን እንጨት ሳትለይ፣ የትኛው ለአልጋ የትኛው ለበር እንደሚሆን ያሳየህ እሱ መሆኑን ስንት ጊዜ ነግረኸኛል። ከመንጌ መጥቶ ካንተ ጋር አንድ ጣሪያ ስር ስንት ዓመት እንጨት ላገ። እሱ በበርታኛ ሲሰድብህ አንተ በወሎ አማርኛ ትመልስለት ነበር፤ ከዚያ ሁለታችሁም ትስቃላችሁ። እኔ ምን ተባለ ብዬ ስጠይቅ ሳቁ አልቆ መጋዙ ይጀምራል። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ሳቅ እቀና ነበር፤ አሁን ልንገርህ እንጂ ያኔስ አልነገርኩህም።

ይሁን፣ ሳቁን እተወው ነበር። ስኳድራው ነው ያንገበገበኝ።

ቀጥ ያለውን ስኳድራ አይደለም የምልህ፤ እሱ እኔ ጋ ነው። ምላሱ የሚታጠፈውን ነው፤ የወንበር መደገፊያ ወደ ኋላ የሚጋደልበትን ልክ ይዘህ፣ በባለ ክንፏ ዳዶ አጥብቀህ፣ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የምታሻግርበትን። ጥቁር የእንጨት እጀታው ባንተ አውራ ጣት ልክ ጎድጉዶ ነበር። እኔን አንድም ቀን አስምሪበት ብለኸኝ አታውቅም። ራስህ አስምረህ እንጨቱን ለመጋዝ ብቻ ነበር የምታቀብለኝ። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቄ መጥቼም ያው ነበር። አላመንከኝም ብዬ ዋጥ አደረግኩት።

ልታርፍ ሳምንት ሲቀርህ፣ ከግድግዳው አውርጄ እንዳመጣልህ ላክኸኝ። ደስታዬን ያየኸው አይመስለኝም፤ ዓይንህ ደክሞ ነበር። ምላሱን በዘይት ወለወልኩት፣ እጀታውን በቀሚሴ ጠረግኩት፣ በሁለት እጄ ይዤ መጣሁ። ጋሽ ሐሰን ከአልጋህ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ከእጄ ተቀብለህ በእሱ መዳፍ ላይ አስቀምጠህ ጣቶቹን አጠፍክለት። እኔ እዚያው ባዶ እጄን ቆሜ ቀረሁ። አባዬ፣ ለራሴ መስሎኝ ወልውዬ ያመጣሁትን!

ከዚያ በኋላ ከጋሽ ሐሰን ጋር የተነጋገርኩት የሥራ ቃል ብቻ ነው። አምጣ፣ ያዝ፣ በቃ። እሱ ስኳድራውን በራሱ ምስማር ላይ ሰቀለው፤ እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ላለማየት አንገቴ እስኪቀነጠስ ፊቴን አዞር ነበር።

ባለፈው ወር ለሙሽሮች ቤት አራት ባለ መደገፊያ ወንበር ታዘዝን። ጋሽ ሐሰን በመሀሉ ለለቅሶ መንጌ ሄደ። ምስማሩ ላይ የተሰቀለው ስኳድራህ ብቻውን ሲያየኝ ዋለ። ሰረቅኩ ማለት ይከብደኛል፤ ሳላስፈቅድ አነሳሁት እንበል። በአውራ ጣትህ ጎድጓዳ ላይ አውራ ጣቴን ሳሳርፍ አለቀስኩ፣ ከዚያ በደስታ ማስመር ጀመርኩ። የአራቱን ወንበር ስምንቱንም የኋላ እግር አስምሬ ቆረጥኩ። የመጀመሪያውን ወንበር ገጥሜ ባቆመው መደገፊያው ወደ ጎን ተንጋደደ። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛውን ለመግጠም አልደፈርኩም።

ጋሽ ሐሰን ሲመለስ ወንበሮቹን አየ፣ ምስማሩን አየ፣ እኔን አላየኝም። ስኳድራውን አንስቶ በእሱ እጅ አያያዝ እንጨት ላይ አስተኛው፤ ልጥፍ አለ። ከዚያ ገልብጦ በእኔ በኩል፣ በግራኝ አያያዝ አስተኛው። የዳዶዋ ክንፍ እንጨቱን ነክታ እጀታውን የክብሪት እንጨት ያህል አነሳችው። በጣቱ ነካ ሲያደርገው ተወዛወዘ። እኔ ግራኟ በዚያ ነበር ስምንት እግር ያሰመርኩት።

ከዚያ ዓመት ሙሉ ይዞት የቆየውን ነገረኝ። እንዳለው እጽፍልሃለሁ፤ አማርኛው ሴቷን በወንድ እንደሚጠራ ታውቃለህ፦

«አባትሽ አለኝ፣ ይሄ ስኳድራ ልጄ እጁ ጋር ይጣላል። አንተ ያዝ። ልጄ ራሱ ይመርጣል፣ ራሱ ይግዛ።»

እስካሁን ለምን አልነገርከኝም ልለው ነበር፤ ግን ዓመቱን ሙሉ ፊቴን አዙሬበት መቼ ይንገረኝ? ባንተ ግን የባሰ ተናደድኩ። ግራኝነቴን ለእሱ ከምትነግረው ለእኔ ብትለኝ ምን ነበረበት? ይህን ያህል ቃል ለእኔ ሳይተርፍ ለጋሽ ሐሰን ተረፈ ብዬ፣ ስኳድራውን ትቼ ደግሞ በቃሉ ቀናሁ።

በማግስቱ ብቻዬን ገበያ ወረድኩ። ጋሽ ሐሰን ልከተልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩት፤ ይህን እንኳ ያለ እሱ ላድርገው ብዬ ነው። ባለሱቁ ሦስት ዓይነት አወጣልኝ። አንደኛው የላስቲክ እጀታ ያለው ነው፤ አጥብቄ ምላሱን በአውራ ጣቴ ስገፋው ሸርተት አለ፣ መለስኩለት። ሁለተኛው እንዳንተው ባለ ክንፍ ነበር፤ የሚያምር፣ ቢጫ ብረት ያለው። ልቤ እሱ ላይ ቀረ፤ ካንተው ጋር ስለሚመሳሰል ብቻ ልገዛው ነበር። ገልብጬ በግራዬ ካርቶን ላይ ሳስተኛው ግን ተወዛወዘ። ሦስተኛው መልክ የለውም፤ ማጥበቂያው ግን ከእጀታው ጭራ ላይ ነው፣ በየትኛውም ጎኑ ወጣ ያለ ነገር የለውም። አጥብቄ መስመር አሰመርኩ፣ ገልብጬ በዚያው ላይ ደገምኩ፤ ሁለቱ መስመር አንድ ሆነ። ባለሱቁ ካርቶኔን ጨረስሽው ብሎ አጉረመረመ። ምላሱ ሲታጠፍ እጀታው ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባቱንም አይቼ ገዛሁት። ይህን ሁሉ ማን አስተማረኝ ብዬ ሳስብ ማንም አላስተማረኝም፤ አንተ መጋዝና መላጊያ ስትመርጥ ከኋላህ ቆሜ ያየሁት ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግርህ የፈለግኩት ጋ ደረስኩ። ለአዲሱ ስኳድራ የራሴን ምስማር ልመታ ከሥራ ጠረጴዛችን ግራ ጫፍ በላይ ቦታ ስፈልግ፣ አቧራውን ጠረግ አደረግኩ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አራት ክብ ክብ ውታፍ እንጨቶች አየሁ፤ በመላጊያ ተስተካክለው፣ ለማያውቅ የማይታዩ። የብሎን ቀዳዳዎች ነበሩ። እንጨት ጠምደን የምናስርበት ሞርሳ እዚያ ነበር የታሰረው አባዬ። እኔ ሳውቀው ግን ሁልጊዜ በቀኝ ጫፍ፣ ለግራኝ በሚመቸው በኩል ነው።

እማዬን ጠየቅኳት። ሥራ ቤት መግባት የጀመርኩ ሳምንት፣ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነቅለህ እንዳዛወርከው ነገረችኝ። ለእኔ እንዳትናገር ብለሃት፣ ክርንህን በየማታው በቅባት ታሽህ ነበር አሉ። እዚያ ቆመህ በቀኝ እጅህ መጋዝ ስትስብ ክርንህ ከግድግዳው ይጋጭ ስለነበር ነው። ግድግዳው ላይ ክርንህ የቦረቦረው ጉድጓድ አለ፤ እኔ እንኳ እንደ ዓይጥ ግድግዳ ትበላለህ እያልኩ የምስቅብህ። ለእኔ ብለህ ባዛወርከው ሞርሳ ነበር የቦረቦርከው።

ጋሽ ሐሰን ሁለቱን ወንበሮች አፍርሶ አብረን አስተካከልናቸው፤ የቀሩትን ሁለቱንም ጨምረን አራቱን አስረከብን፣ ሙሽሮቹ ተቀመጡባቸው። አዲሱን ስኳድራ እስኪ ልየው ሲለኝ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ትንሽ ይቅና፤ ዓመት ሙሉ የቀናሁት እኔ ብቻ መሆን የለብኝም። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ አሳየዋለሁ።

ያንተን ስኳድራ ሳይ አሁንም እቀናለሁ፤ ቀርቶልኛል ብዬ አልዋሽህም። ዘንድሮ ግን ሥራ ቤቱን በሙሉ በኖራ ልናስለስን ነው። ያቺን የክርንህን ጉድጓድ እንዳይነኳት ለጋሽ ሐሰን ነግሬዋለሁ፤ ዙሪያዋን በእርሳስ አስምሬባታለሁ፣ በአዲሱ ስኳድራ፣ በግራ እጄ። እኔ እዚያ እስከቆምኩ ድረስ ማንም አይደፍናትም።

ልጅህ፣ ግራኟ