አብረን እንዳንኖር ስላዘዘን ሕግ

ለክቡር የሕግ ማሻሻያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ? በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በተደረገው ውይይት ላይ ሳል ይዞዎት ስለነበር፣ እንደተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ኡናይሲ እባላለሁ፤ እዚሁ ፊጂ፣ ከስኳር ፋብሪካው ጀርባ የምኖር ሴተኛ አዳሪ ነኝ። «የሚመለከታቸው ሁሉ ተገኝተዋል» ብለው ስብሰባውን ሲከፍቱ በር ላይ ቆሜ ነበር።

አንደኛ፣ ሕጉ ስላሰበልን አመሰግናለሁ። ከጓደኛዬ ከሳላኒየታ ጋር አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራይተን ስንኖር፣ አንዳችን ደንበኛ ስትቀበል ሌላችን በረንዳው ላይ ካሳቫ እየላጠች መዝሙር ትዘምር ነበር፤ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሴቲቱ ብቻዋን እንዳልሆነች እንዲያውቅ። እኔ ስዘምር ደንበኛው ቶሎ ይሄዳል፤ ድምፄ አስቀያሚ ነው። አንድ ቀን ሁለት ትሑት ፖሊሶች መጡና «እህቶቼ፣ አንድ ሴት ስትሆን መኖሪያ ቤት ነው፤ ሁለት ስትሆኑ ግን የዝሙት ቤት ይባላል። አንዳችሁ ውጡ፤ አለዚያ ሁለታችሁም ትታሰራላችሁ» አሉን። ሳላኒየታ «ድመቷስ ትቆጠራለች?» ብትላቸው አልሳቁም። እኔ ወጣሁ።

ሁለተኛ፣ ሕግ አክባሪነታችን ፍሬ ማፍራቱን በአክብሮት አስታውቃለሁ። ዝናቡ በበረታበት ሰሞን አንድ ሰው ወደ ሳላኒየታ መጣ፤ በረንዳው ባዶ መሆኑንም አየ። ጎረቤቶች ጩኸት ሰምተው ሲደርሱ መንጋጋዋ ተሰብሯል፣ ግራ ዓይኗ ጠፍቷል፣ እሱም ሄዷል። ጣቢያ ሄጄ ሳመለክት መዝጋቢው «ሰውዬው እዚያ ምን ሊሠራ መጣ?» አለኝ። እውነቱን ካስመዘገብኩ እሷም እንደምትከሰስ በትሕትና አስረዳኝ። ስላልዋሸኝ ምስጋናዬ ይድረሰው፤ ምንም ሳላስመዘግብ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ስብሰባዎ የመጣሁት። ፓስተሩ እንድንቀጣ፣ ፕሮፌሰሩ መንግሥት እንዲታደገን፣ ጠበቃዋ ደግሞ ደንበኞቻችን ብቻ እንዲቀጡ በሚያምር አነጋገር ተከራከሩ። እጄን ባወጣ «እህታችን፣ ጊዜ አጥሮናል፤ ሐሳብሽን ምሁራኑ አንስተውልሻል» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ማንም አላነሳልኝም። ልናገር የፈለግሁት፣ ክርክራችሁ እስኪያልቅ ድረስ እንኳ ሁለት ሆነን እንድንኖር ፍቀዱልን ብዬ ነበር። እናንተ ግን ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል ብላችሁ አጨበጨባችሁ። እኔም ከእንግዲህ ምንም አልጠብቅም፤ ደንበኛ ሲያንኳኳ መጀመሪያ እጆቹን አያለሁ፣ ከዚያ እከፍትለታለሁ።

ጥናታችሁ እንዲሰምር፣ ዕድሜያችሁም ፍጻሜውን ለማየት እንዲበቃ እየተመኘሁ፣ ብቻዬን በመኖሬ ሕግ አክባሪ የሆንኩ ታዛዣችሁ፣
ኡናይሲ

ማስታወሻ፦ ሳላኒየታ ወደ እናቷ ደሴት የሚወስዳትን መርከብ ስትጠብቅ ስለ ስብሰባው ነገርኳት። በዚያ በተሰበረ መንጋጋዋ «ምሳ ነበረ?» አለችኝ። «ነበረ፤ ዓሣ በኮኮናት ወተት» አልኳት። «እሰይ፣ በኛ ጉዳይ የጠገበ ሰው አለ ማለት ነው» ብላ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች።