እግሩ የወፈረው ፊደል

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? ልጆችሽ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ይህን ቃል ከልቤ ስጽፍልሽ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።

ፊደሉ በልጄ ስም ተጠራ።

ልጄ ይሠራበት የነበረው ማተሚያ ቤት ለሲኒማ ማስታወቂያ የሚሆን ትልልቅ ፊደል ባጣ ጊዜ፣ ከእንጨት እቀርጻለሁ ብሎ እንደተነሳ ታስታውሻለሽ። መጀመሪያ ወረቀት ላይ እንዳየው በቀጥታ ቀርጾት ኖሮ፣ ሲታተም ሁሉም ፊቱን አዙሮ ወጣ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አለቃው ከምን ላይ አይተህ ነው ቢለው፣ እንደ ልማዱ ዝም አለ። ዝምተኛው የሚሉት ለዚሁ ነው። እንደገና ቀረጸ። ያ ፊደል ከሲኒማ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ አውቶቡስ ሄደ፤ ኋላም የእርሳስ ብረት አቅልጠው በዚያው መልክ አወጡት።

አሁን ለሌሎች ማተሚያ ቤቶች ሊሸጡት፣ በማተሚያ ቤቱም ስም ሊጠሩት መሆኑን ሰማሁና ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ስቦልኝ፣ "እናቴ፣ ምን ላድርግልዎ?" አለኝ። የልጄን ስም ስጡት አልኩት። "ፊደል እኮ እናት የለውም" ብሎ ሳቀ። ዝም አልኩት። ዝምታው ከማን እንደተወረሰ አንቺ ታውቂያለሽ።

ነገሩ እንዳለቀ ሊያሳየኝ ፊደል ከመሳቢያ እየለቀሙ ለኅትመት የሚደረድሩት ለቃሚዎች ዘንድ ይዞኝ ገባ። "የማተሚያ ቤቱን ፊደል አምጡና ለገዢዎች የሚላከውን ናሙና ልቀሙ" አላቸው። እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ፣ "ጌታዬ፣ ሁሉም የማተሚያ ቤቱ ነው፤ የትኛውን?" አለው። እግረ ወፍራሙን ቢላቸው፣ አንዲቱ ለቃሚ "ውይ፣ ዝምተኛውን ነዋ" ብላ መሳቢያውን ሳበችው። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም አልቀረም። "የእናንተን አፍ በምን አቅሜ እዘጋለሁ" አለ፤ የፊደሉ ስምም እዚያው ፊቴ "ዝምተኛው" ተብሎ ተለቀመ። የመጀመሪያውን ወረቀት ቀለሙ ሳይደርቅ ሰጡኝ። ጣቴ እስካሁን ጥቁር ነው፤ አላጠብኩትም።

ልጄ መጻፍ ሲያስተምረኝ፣ "እማዬ፣ በከሰል ትልልቅ አድርገሽ ጻፊልኝ" ይለኝ ነበር። አንቺ ደግሞ አጠገባችን ተቀምጠሽ፣ "ይህ ፊደል ነው ወይስ እግሩ ያበጠ ሰው?" ትዪኝ ነበር። ወረቀቶቹን ወዴት እንደሚወስዳቸው አልጠየቅኩትም።

ፊደሉ እናንተም ከተማ ሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ላይ አለ አሉኝ። ይህን ደብዳቤ ይዘሽ ፊቱ ቁሚና የእጄን ጽሑፍ ከግድግዳው ጋር አስተያዪ። ከዚያ መሳቅ ከቻልሽ ሳቂ።

እግዜር ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ልጆችሽ አንቺን ይቅበሩ እንጂ አንቺስ አትቅበሪያቸው።

ቀስ ብላ የምትጽፈው እህትሽ፣
የዝምተኛው እናት